ጥሬ አጃ

አዘዞ ሳንደርስ ሚኒባሱ ኬላ ላይ ቆመ። ዝናብ ነበር። ወታደሩ የሁላችንንም ቦርሳ አስወርዶ ጭቃው ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ደረደረው። የእኔ ሲከፈት ቲቸር ወደ ጎኔ ተጠጋች። ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት ክዳን ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ናቸው። በየሳህኑ ውስጥ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ፣ እንደ ቅጠል ሥር የተጠላለፈ ነገር ተዘርግቷል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዝልግልግ ሻጋታ" አልኩት። ሌላ ስም አላውቅለትም።

"ምን ያደርጋል?"

"ምንም። ይበላል፤ ይሄዳል።"

"ይሄዳል?"

ሳህኑን ከፊቱ አራቀና ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ደግሞ አለቃውን ጠራ። አለቃው ምንም አልጠየቀም፤ ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጫማው ጫፍ ወደ ቦዩ ገፋቸው። ጎርፉ ወሰዳቸው። ሚኒባሱ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ይዞ ሄደ፤ ሁለታችን ቀረን።

ቲቸር የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን መጥታ ስለ ሻጋታዎቿ አንድ ቀን አወራችን፤ እኔ እንደ ጫጩት ተከትያት ቀረሁ። "እርስዎ" ስላት "ተዪኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ" ብላ ከለከለችኝ። በክረምቱ በየሳምንቱ እየተከተልኳት የበሰበሰ ግንድ እገለብጣለሁ፣ ሳህን እይዛለሁ፣ አጃ እበትናለሁ። ሻጋታዋ አጃ ትወዳለች። የዚያን ዕለት የመጣነው ከእንፍራንዝ በላይ ካለ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ከቤት ስወጣ ለእናቴ "ለምሳ እደርሳለሁ" ብያት ነበር።

ያስገቡን ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የማዳበሪያና የአይጥ ሽታ አለው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ጥጉን ባዶ ጆንያ ተነጥፎበታል። ወደ ላይ አንዲት መስኮት አለች፣ መስታወቷ ወልቆ በቆርቆሮ ተመትታለች። ብርሃኑ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየተንጠባጠበ ይገባል። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እነዚያን የብርሃን ነጥቦች ነው። ቆንጆ ነበሩ። ቆንጆ መሆናቸው ያኔም ቢሆን አናዶኛል።

ከእኛ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የአይከል ነጋዴ ናት፣ ድምጿ ጎርናና፣ ነጠላዋን እንደ ቀበቶ ወገቧ ላይ ያሰረች።

"እናንተስ በምን ነው?" አለችን።

"በሻጋታ" አልኳት።

"ወይ ጉድ። እኔ በሰሊጥ ነው። የጫንኩበት ማኪና ሌላ ነገር አለበት ብለው ጆንያውን ሁሉ በሳንጃ ወጉት። ሰሊጤ መንገድ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የአገሩ ወፍ ሠርግ ነበረበት።" ወደ ቲቸር ዞረች። "አንቺ ግን አስተማሪ አይደለሽም? በሻጋታ ታሰርኩ ብለሽ ለማን ትነግሪያለሽ?"

"ለወፎቹ" አለች ቲቸር።

ነጋዴዋ ሳቀች፣ ጆንያዋንም ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችን።

ሌላዋ አሮጊት ናቸው። ከመካነ ብርሃን ማዶ፣ ማኪና ከማይደርስበት አገር የመጡ። ልጃቸው ጠፍቶባቸው ሊጠይቁ ወደ ከተማ ወርደው ነው የተያዙት። እማማ እንላቸዋለን። ብዙ አይናገሩም። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው ያሉኝን ግን አልረሳውም።

"ልጅሽ የት ነው ይሉኛል። እኔም እነሱን የምጠይቃቸው ይኸንኑ ነው።"

ከጎናቸው አንዲት የላስቲክ ጠርሙስ አለች፣ ግማሽ ያልሞላች። ጸበል ናት፣ ከደብራቸው ያመጧት። ጠዋት ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ በጠርሙሷ ክዳን አንድ ጊዜ ይቀዳሉ፣ የልጃቸውን ስም ዝቅ አድርገው ይጠራሉ፣ ያማትቡና ይጠጣሉ። ከዚያ ክዳኗን በጥብቅ ይዘጋሉ። ጠርሙሷ በየቀኑ ስትጎድል እኛም እናያለን።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ሁለታችንን አንድ ላይ አስገባን። ጠረጴዛው ላይ የቲቸር የእጅ ቦርሳ ተገልብጧል። ከቁልፏና ከማበጠሪያዋ ጋር አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አለች፣ ውስጧ የተቆራረጠ ነጭ ወረቀት። በየወረቀቱ ላይ ሳህን ላይ የደረቀ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቅርፊት ተጣብቋል። ያቺን ከረጢት አውቃታለሁ። የዩኒቨርሲቲው መብራት በየጊዜው መጥፋት ከጀመረና ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ሁሉ ከተበላሸ ወዲህ ቲቸር ዋናዋን ዘር አድርቃ ከራሷ ጋር ነበር የምትይዛት። ስንት ዓመት የደከመችበት ሥራ ነው፣ ያለው በዚያች ከረጢት ውስጥ ብቻ።

"ይኼስ?" አለ መርማሪው።

"ያቺው ናት። ቦይ ውስጥ የጣላችኋት። ደርቃ ተኝታ ነው።"

"ይኼ ደረቅ ነገር ሕይወት አለው ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ የውሃ መርዝ ነው ተብሎ ነው የተነገረኝ። ልጅቷ ተሸካሚ፣ አንቺ አዘጋጅ።" ቃሉን ሲናገር አልጮኸም፤ የተሰጠውን የሚያነብ ነበር የሚመስለው። ወደ እኔ አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሕይወት ካለው አስነሽውና አሳዪኝ። ሰኞ እመለሳለሁ። ካልተነሳ የተባልኩትን እጽፋለሁ።"

ከከረጢቷ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የቀረውን በፖስታ አሸገ።

በሩ ላይ ስንደርስ ጠራን። "ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ ስለዚያ ስብሰባ። እሱን ሰኞ።"

ቲቸር ከመያዛችን በፊት በሥራ ቦታዋ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተነስታ ነበር። የጠፉ የሥራ ባልደረቦቻችን የት ናቸው ብላ ጠየቀች፤ ያለችው ይኸው ነው። ይህን ያወቅሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሁለት ቁራጭ ወረቀት አለን። ቲቸር የምትፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ንጹሕ ውሃ፣ ጨለማ፣ ስትነሳ የምትበላው አጃ። ጨለማው ሞልቷል። ውሃው በቦቴ የሚመጣ ነው፣ ኬሚካሉ ከሩቅ ይሸታል። ኬሚካሉ እንዲበንንለት በጣሳ ክፍት አድርጋ አሳደረችው። ጠዋት አሸተተችው፤ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አየሁ። ሌላ ውሃ አልነበረም። አንዷን ወረቀት የምግብ ዕቃ ክዳን ውስጥ አጋድማ በጣቷ ጫፍ አራሰቻት።

አልተነሳችም። በማግሥቱ ቅርፊቷ ላሸቀ፣ ግራጫ ሆነ፣ ሸተተ። ነጋዴዋ አፍንጫዋን ይዛ ፊቷን አዞረች፤ እሷ ሳትቀልድ ስትቀር ነው ነገሩ የገባኝ። ቲቸር ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የቀረችውን አንዲት ወረቀት ደረቷ ውስጥ መልሳ አስገባቻት።

"ይሄ ነገር ምነው አልነሳ አለ?" አሉ እማማ ከጥጋቸው።

"ውሃው ገደላት፣ እማማ። የምንጭ ውሃ ነበር የሚያሻት።"

የምንጭ ውሃ ከዚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ነጋዴዋ ወደ እማማ ጠርሙስ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። እኔም አየሁ። ቲቸር ግን አላየችም፤ ግድግዳውን ነበር የምታየው። እኔ ለራሴ ፈርቼ ነበር፤ ተሸካሚ የተባልኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን ጸበሉን አልጠየቀችም።

አጃው በእናቴ በኩል መጣ። የበሩ ጠባቂ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ እማማ "አያ" ይሏቸዋል፣ እኛም ከእማማ ተማርን። ለእናቴ ጥሬ አጃ ይዛ እንድትመጣ ይንገሩልኝ አልኳቸው።

"ጥሬ? ምነው፣ ፈረስ አስረናል እንዴ?"

"አዎ አያ" አለች ነጋዴዋ። "እኔ አለሁ አይደል።"

በቅዳሜው በሩን ገርበብ አድርገውልን ነበር። እናቴ በግቢው በር ስትገባ አየኋት። የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ያመጣችውን አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደረች። እዚያ ደንቡ ይኼ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ከእያንዳንዱ ዕቃ በጠባቂው ፊት ይቀምሳል። ሽሮውን ቀመሰች። ዳቦውን ቆረሰች። ከዚያ አጃውን በማንኪያ ዘገነችና ወደ አፏ አስገባች።

ጥሬ አጃ አፍ ውስጥ እንደ ገለባ ነው፤ ምራቅ ሁሉ ይጠጣል። ለምን እንደምፈልገው አታውቅም፤ ለምን እንዳስቀመስኳትም አታውቅም። በበሩ ክፍተት እኔን እያየች ቀስ ብላ አኘከች። ጉሮሮዋ ሲውጥ ከዚያ ርቀት ታየኝ።

"ይጣፍጣል?" አሉ አያ።

"ለለመደው" አለች እናቴ።

አጃው ገባ። ውሃ ግን አሁንም የለም።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ በዝናቡ መሃል እየተቆራረጠ ይመጣል። እማማ ተነስተው ተቀምጠዋል፣ ጠርሙሷ ጭናቸው ላይ። እንደ ሁልጊዜው ክዳኗን ከፈቱ። አልቀዱም።

"አስተማሪዋ፣ ልጠይቅሽ።"

"ይጠይቁኝ እማማ።"

"ያቺ ነገርሽ እህል ቀምሳለች?"

ቲቸር አልገባትም። "የትኛዋ?"

"የደረቀችው። ጸበል እህል ቀምሰው አይጠጡትም። ቀምሳ እንደሆነ ንገሪኝ።"

ነጋዴዋ ልትስቅ ነበር፤ የእማማን ፊት አይታ ተወችው። ቲቸር አልቀለደችም። ከደረቷ ወረቀቷን አወጣችና እንደ አዲስ አየቻት፣ ከዚያ ዝርዝሩን አስታውሳ ነበር የመለሰችው።

"ያደረቅኋት መስቀል ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም።"

"ውሃስ?"

"ውሃም።"

"ከመስቀል እስከ አሁን፣ ያለ ውሃ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ያለውን ጾም እኛስ የት አባታችን እንችለዋለን።"

ክዳኗን ሞሉ። የልጃቸውን ስም ጠሩ። አማተቡ፤ ለራሳቸው ካማተቡ በኋላ ወረቀቷ ላይም አማተቡ። ከዚያ ክዳኗን ለቲቸር ዘረጉላት።

"እርስዎስ?" አለች ቲቸር። እጇ አልተዘረጋም። "የልጅዎ ነው እኮ።"

"ልጄማ ቢኖር የተጠማውን አስቀድሚ ነበር የሚለኝ። ያዢው፣ እጄ ደከመ።"

ክዳኗ ውስጥ የነበረው ከአንድ ጉንጭ ያነሰ ነው። ቲቸር በጣቷ እየነከረች ጠብ፣ ጠብ አደረገችላት። ወለል ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እማማ የዚያን ቀን ሳይጠጡ ዋሉ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ክዳኑን በሌላ ክዳን ሸፍነን ከጆንያው ሥር አስገባነው። ነጋዴዋ ትዕግሥት የላትም።

"አሁን ምን እየሠራች ነው?"

"እያነበበች ነው" አለች ቲቸር።

"አይ እንግዲህ። ሻጋታ ታነባለች?"

"ወፍጮ ቤት ታውቂያለሽ?"

"የሰሊጥ ነጋዴ እኮ ነው የምታናግሪው።"

"እንግዲያው ስሚኝ።" ቲቸር እግሮቿን አጥፋ ተቀመጠች፤ ከታሰርን ወዲህ እንዲህ ተቃንታ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። "ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ወፍጮ አለ። ራይቦዞም ይሉታል። አካል የሚሠራበት ነገር ሁሉ እዚያ ነው ተፈጭቶ የሚወጣው። ሌላው ሁሉ ቢኖር እሱ ከሌለ ምንም የለም፤ እህል ይዞ መቆም ነው። የወፍጮው ድንጋይ እንዴት እንደሚቀረጽ የሚናገር ትእዛዝ አለ፣ ጂን የምንለው። ሌላውን ትእዛዝ በጥቂት ቅጂ ትይዘዋለች። ይኼንን ግን በብዙ፣ በብዙ ቅጂ። ሌላው ትእዛዝ ሁሉ ካለበት ከዋናው ገመድ ነጥላ ለብቻው አስቀምጣዋለች።"

"ለምን ነጠለችው?"

"እኔም እሱን ነበር የምጠይቃት።" ፈገግ አለች። "ይቺ አንድ ዓይነት ሆና አትኖርም። መጀመሪያ ትቢያ ናት፣ ነፋስ የሚወስዳት። ከዚያ ለብቻዋ የምትድህ፣ በዓይን የማትታይ። ከዚያ ያቺ ቢጫዋ። ስትራብ ደግሞ ደረቅ። በየደረጃው ያ ቅጂ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚነበብ የትኛው ዝም እንደሚል ነው የምቆጥረው። የጠገበችዋን ጨርሼ ነበር። የደረቀችው ላይ ስደርስ መብራቱ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የምቆጥርበትም ነገር ሳይመጣ ቀረ።"

"ስትደርቅ ይጠፋል?" አልኳት።

"ንባቡ ነው የሚቆመው። ወፍጮው ዝም ይላል። ቅጂው ግን አለ፤ ስንቱ እንደሚቀር ነው ያላወቅሁት። ውሃ ሲነካት መጀመሪያ አትበላም፣ መጀመሪያ አትሄድም። ድንጋዩን ትቀርጻለች። አሁን እሱን ነው እየሠራች ያለችው።"

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ቢጫ ስትሆን ብቻዋን ናት?" አሉ።

"አይ፣ እማማ። ብዙ አስኳል ነው፣ እያንዳንዱ ትእዛዙን የያዘ፣ በአንድ ቤት ውስጥ። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። አንዱ ያገኘው ለሁሉም ይደርሳል።"

"እኛው ነና" አለች ነጋዴዋ፣ እግሯን ከእግሬ ላይ እያነሳች። "ቦታ እንኳ የለንም።"

ከሰዓት በኋላ ቲቸር ሸፋኑን አነሳችና ክዳኑን ከአንዱ የብርሃን ነጥብ ሥር አስጠጋችው። የወረቀቷ ጠርዝ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቢጫ ነገር ወጥቷል። ተያየን። ከአጃው አንዲት ፍሬ በጣት ስፋት ርቀት አስቀመጠችላት። ማታ በሩ ሳይቆለፍ ስናያት መንገዱን ጀምራለች፣ እንደ እጅ ጣቶቿን ዘርግታ።

"ተነሳች" አሉ እማማ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ነጠላው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጠርሙሷ ባዶ ልትሆን ጥቂት ነው የቀራት። ልጃቸው ግን አልመጣም።

ሰኞ መርማሪው መጣ። ቲቸር ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አጃዋ ላይ ወጥታ ከድናታለች፣ ሥሮቿ የክዳኑን ግማሽ ይዘዋል። የስልኩን መብራት አብርቶ አጎነበሰ። በሥሮቹ ውስጥ ቢጫው ወደ ፊት ይፈስሳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብዙ ቆየ እያየ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳውም።

"ትተነፍሳለች?"

"እንደዚያ በለው።"

ቀና አለና ጻፈ። "ለልጅቷ ይበቃል" አለ። "ትወጣለች። አንቺ ግን ያኛው ጥያቄ አለብሽ። ስብሰባው ላይ አብረውሽ የመከሩ እነማን ናቸው? ስም ብቻ ነው የምፈልገው፤ ዛሬውኑ አብረሽ ትወጪያለሽ።"

ቲቸር ክዳኑን በጥንቃቄ አነሳችው።

"ስለ ሻጋታዋ የጠየቅኸኝን አሳይቼሃለሁ።"

"ሌላውን አታውቂውም?"

"አውቃለሁ" አለች።

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። እሷም ጠበቀችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት የማናውቃቸው ወታደሮች በሩ ላይ ቆሙ። አያ ከኋላቸው ናቸው። የቲቸርን ስም ጠሩና "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ" አሏት። ዕቃ የላትም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፀጉሯን በእጇ ሰበሰበች፣ ከዚያ መውጣቱን ትታ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና ክዳኑን አወጣችው።

"ነይ" አለችኝ። "ማድረቁን አላስተማርኩሽም።"

"ፍጠኚ" አለ አንዱ ወታደር።

"እያስተማርኩ ነው።"

ወታደሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። እማማ ከጥጋቸው ቀና ብለው በሩን አዩ። "አያ፣ አንቱም የወለዱ ነዎት" አሉ፣ እንደ ሰላምታ ቀስ ብለው። አያ እጃቸውን በወታደሩ ትከሻ ላይ አኖሩ። ቆሙ ሁሉም።

ቲቸር ከወረቀቷ ንጹሑን ጎን ቀድዳ ሥሮቹ ፊት አነጠፈችው። "እዚህ ላይ ትወጣለች። ስትወጣ አጃውን አንሺባት። ውሃም አትጨምሪ። ፀሐይ አታሳዪያት፣ እፍ አትበዪባት፣ አትቸኩዪ። በችኮላ የደረቀች አትነሳም። ቀስ ብላ ስትደርቅ ነው ሁሉንም ሰብስባ የምትተኛው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት። ድምፄ መሃል ላይ ጠፋ፤ እስኪመለስ ጠበቀችኝ። ከዚያ የእማማን ጉልበት ስማ፣ ለነጋዴዋ "ለወፎቹ ንገሪልኝ" ብላት ወጣች። ዝናቡ ነጠላዋ ላይ ሲወርድ በበሩ አየሁት፤ ወዲያው ተዘጋ።

እኔን የለቀቁኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ሻጋታዋ ቀስ ብላ ከደረቀች በኋላ። ወረቀቷ በእጄ ውስጥ ነበረች። በሩ ላይ አያ "ምን ይዘሻል?" አሉኝ። መዳፌን ከፈትኩ። አዩዋትና ጣቶቼን አንድ በአንድ መልሰው አጠፏቸው። ዞሬ ሳይ የእማማ ጠርሙስ ባዶዋን ከጎናቸው ቆማለች፤ ክዳኗ በጥብቅ እንደተዘጋ። ነጋዴዋን ከጊዜ በኋላ ገበያ ላይ አግኝቻት ነበር። እማማን ለቀዋቸው ወደ አገራቸው ወጥተዋል አለችኝ። ልጃቸውስ ስላት ሰሊጥ ልመዝንልሽ ወይ አለችኝ። ገባኝ።

ቲቸር ያለችበትን ትልቁን እስር ቤት ያገኘችው እናቴ ናት፤ ጠይቃ ጠይቃ። በየቅዳሜው ምግብ እናደርሳለን። ማየት አይፈቀድም፤ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ይመለሳል። እኔ ከምግቡ ጋር ጥሬ አጃ እጨምራለሁ። ጥሬ አጃ ካገኘች ሻጋታዋ በሕይወት እንዳለች ታውቃለች ብዬ ነው። ጠባቂው "ቅመሺ" ይለኛል፣ እቀምሳለሁ፣ አጃው ምራቄን ሁሉ ይጠጣዋል። የአጃው ዕቃ ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የሚመለሰው፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ። አንዲት ፍሬ ቀርታበት አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ሄድን። ጠባቂው አዲስ ነው። ያለፈው ሳምንት ዕቃ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነበር፣ አልተከፈተም። አውርዶ ሰጠን። አጃው እስከ አፉ ሞልቷል።

"የለችም" አለ። "ተዛውራለች።"

"ወዴት?" አለች እናቴ።

"አልተነገረኝም። ይኼንንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መቅመስ አያስፈልግም።"

እናቴ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ዛሬ ያመጣነውን አጃ ከፈትኩ። በማንኪያ ዘገንኩና አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጠባቂው አየኝ፤ አልከለከለኝም። ቆሜ እስከ መጨረሻው አኘክሁት፣ ዋጥኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩ። እናቴ አልቸኮለችብኝም። ከዚያ ሄድን።

ሻጋታዋ መኝታ ቤቴ፣ ከመጻሕፍቴ ሥር ካለው ጨለማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ውሃዋን ከምንጭ ነው የማመጣላት። ደርቃ ለዘላለም አትቆይም፤ ስለዚህ አንዳንዴ አስነሳታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ከዚያ መልሼ ቀስ ብዬ አደርቃታለሁ። ከደረቁት አንዷን ሁልጊዜ ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ የቲቸር ናት። በደረቀችው ውስጥ ስንት ቅጂ እንደሚቀር እስካሁን አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ባዮሎጂ ነው የምመርጠው፤ እናቴ ይህን ስነግራት ሽሮ እያማሰለች ነበር፣ "ሌላ ምን ልትመርጪ ኖሯል" አለች።

የዚያን ቅዳሜ ማታ ተነስታ ያለችበትን ሳህን አወጣሁ። የተመለሰውን አጃ፣ የቲቸርን ድርሻ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ አኖርኩላት። ብዙ ርቀት ነው ለእሷ። ክዳኑን ከድኜ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ደርሳበት ነበር።